ሰባት ዓመት ከዐሥር ወር

ኢየሩሳሌም፣ ኔቬ ያዕቆብ
ኅዳር 14 ቀን 2017

እታለም ማሚቴ፣

ስልኩን ፊትሽ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ደውዬ «ኔትወርኩ ነው» ያልሁሽ ውሸት ነበር። ይህን ሳልናገር ሰላም ልልሽ አፌ እምቢ ስላለኝ ነው ደብዳቤውን በዚህ የጀመርሁት። አሁን እንደምን አለሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ትምህርት ቤቱስ በዚህ ሁሉ ግርግር መሐል ተከፍቷል ወይ? እኛ ደኅና ነን። ባለቤቴ ደረሰ አሁንም ታልፒዮት ካለው መጋዘን ነው የሚሠራው፣ ፈረቃው ብቻ ተቀይሯል።

«ምን አጥፍቼ ነው?» ብለሽኛል። ምንም አላጠፋሽም። ያን ቀን የስልኩ ድምፅ ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ተከፍቶ ነበር። ልጄ ፍሬሕይወት አጠገቤ ናት፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ ስንታየሁ ደግሞ ሻይ ይዛ ተቀምጣለች። አንቺ በደስታ «ልጄ ዐሥር ልትሞላ ነው እኮ!» ስትዪ እጄ ቀድሞኝ ዘጋው። እዚህ ፍሬ ሰባት ዓመቷ ነው። በመታወቂያችን ሰባት፣ በትምህርት ቤት ሰባት፣ በሰፈሩ ሰባት። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን ጎንደር ሆኖ ማወቅና እዚህ ሆኖ በየቀኑ ማለት አንድ አይደለም። ስንታየሁ ሰምታ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሻዩዋን ጨርሳ ሄደች።

በስልክ የማልለው ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፣ ልጅቷ ሁሉን ትሰማለች። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ሕብረት ትባላለች። እኔ ደረጃ በማጸዳበት ሰፈር፣ ኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የምትኖር ያገራችን ልጅ ናት። ለእናቷ ተዝካር ጎንደር ትመጣለች።

ባለፈው ሳምንት የፍሬ አስተማሪ ሚካል አስጠራችኝ። በዚህ በተሰባበረ ዕብራይስጤ «ምን አጥፍታ ነው?» አልኋት። ሳቀች። ለካ የሁለተኛ ክፍል ልጆች በሙሉ አንድ ፈተና ተፈትነው፣ ፍሬ ከክፍሉ አንደኛ ወጥታለች። «መሖናኒም» ይሉታል፤ ልዩ ተሰጥዖ ያላቸውን ልጆች የሚለዩበት ፈተና ነው። ሁለተኛው ዙር በየካቲት መጨረሻ ነው፣ ከባድ ነው አሉ። እሱን ያለፈ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ሌላ ቦታ፣ እንደ እሱ ካሉ ልጆች ጋር ይማራል። ከክፍላቸው የተጠሩት ሁለት ናቸው፤ የእኛዋና የስንታየሁ ልጅ ኦሽራት።

«ከክፍሉ ትንሿ ልጅ!» አለችኝ ሚካል እጄን ይዛ። «ከመጣች ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላትም። ቤት ውስጥ ምን ብታደርጊላት ነው?»

ምን ልበላት? አመሰግናለሁ አልኋት። ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ መጣሁ። እናት ልጇ አንደኛ ስትወጣ እንዲህ ታፍራለች?

ላስፈትናት ወይስ ልተወው? ጻፊልኝ።

ታናሽሽ ልቅናሽ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017

ልቄ፣

ሕብረት ቤቱን ጠይቃ ጠይቃ አገኘችኝ። ጨዋ ልጅ ናት። ደብዳቤሽን ሰጠችኝ፣ በቃል የላክሽባትንም ነገረችኝ። የእስራኤል ጉዞ ቅጻችሁን የሞላን ቀን የሆነውን አስታውስ እንደሆነ ጠይቀሻል።

አስታውሳለሁ። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ጠያቂዋ ሴትዮ «ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታለች?» ብላ ስትጠይቅ አንቺ ዝም አልሽ። ፍሬ ሰባት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷት ነበር፣ ሀ ብላ አታውቅም። «አስመዝግቢያት» ባልሁሽ ቁጥር «በዚህ ወር እንሄዳለን፣ አስጀምሬ ለምን አቋርጣታለሁ» ትዪኝ ነበር። እንዲሁ ሦስት መስከረም አለፈ። ሴትዮዋ ደግማ ስትጠይቅሽ መሬት መሬት እያየሽ «ገና አምስት ዓመቷ ናት» አልሽ። አፍረሽ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም አፍሬ ነበር፤ አስተማሪ ነኝ፣ የገዛ እኅቴን ልጅ ፊደል አላስቆጠርሁም። የልደት ዓመቷን 2007 ብዬ ልጽፍ ያሰብሁትን 2009 አልሁት። እስክሪብቶው አልከበደኝም።

አሁን ይከብደኛል። በመስከረም ስንመዘግብ አንዲት እናት የልጇን ዕድሜ ቀንሳ መጣች ብዬ፣ እኔው ነኝ ከበር የመለስኋት። ልጇን በእጇ ይዛ እያለቀሰች ሄደች። ያን ጊዜ የእኛ ነገር ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ደብዳቤሽን ሳነብ ነው።

ጥያቄሽን ልመልስ። ትፈተን። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ባዶ እጇን ሄዳ በሦስት ዓመት ውስጥ ቋንቋቸውን አንብባ መጻፏ ውሸት አይደለም። በተርታ የተጻፉ ቁጥሮች ሲመጡባት ከሥራቸው ልዩነታቸውን እንድትጽፍ አስለምጂያት፤ ያኔ መንገዱ ይታያታል። ስለ ዕድሜዋ ግን ለማንም አትንገሪ፣ ለአስተማሪዋም ቢሆን። ወደ እስራኤል ስለምመጣበት ስለ እኔ ፋይል የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እመልስልሻለሁ።

ማሚቴ


ኢየሩሳሌም፣ የካቲት 9 ቀን 2017

እታለም፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ዘግይቼብሻለሁ፣ ይቅርታ። ይህንንም ለሕብረት ዘመድ ነው የምሰጠው።

ከሥር መጻፍ ያልሽው ሠርቷል። አሁን ቁጥሮቹን ዐይታ ሳትጽፍም ታገኘዋለች። የሚያስቸግራት ወረቀት ታጥፎ ተቀዶ ሲዘረጋ ምን ይመስላል የሚለው ነው። ለዚያ ጋዜጣ እየቀደድን ቤቱን ሞላነው።

ማን እንደሚያስጠናት ልንገርሽ። መለማመጃ ደብተሮቹን የሰጠችን ስንታየሁ ናት፣ ትልቋ ልጇ የሠራችባቸው ናቸው። በእርሳስ የተጻፈውን መልስ ዓርብ ከሰዓት ተቀምጬ በላጲስ አጠፋለሁ፤ ፍሬና ኦሽራት እየተቀያየሩ ይሠሩባቸዋል። አንዷ የከበዳትን አንዷ ታሳያታለች። ሰው ሁሉ እንዲህ ቢዋደድ ያሰኛሉ።

ሌላው አቶ ሣህሌ ናቸው። ጎንደር ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ አሁን የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ይጠብቃሉ። እኔ ኢትዮጵያ መንገድ ደረጃ ሳጥብ ፍሬ ከግቢው በር አጠገብ ካለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። እሳቸው ደብተሩን ዐይተው ቁጭ አሉ፣ ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ኀሙስ ያስጠኗታል። በመጀመሪያው ቀን «ስንት ዓመትሽ ነው፣ የኔ ልጅ?» አሏት።

ፍሬ ከመመለሷ በፊት ቀና ብላ እኔን አየችኝ። መወልወያዬን ይዤ ደረጃው ላይ ቆሜአለሁ። እኔን አየችኝና «ሰባት» አለች። አቶ ሣህሌ ከእሷ ወደ እኔ ዞሩ። ዐይናቸውን ቶሎ ወደ ደብተሩ መለሱ፣ ሌላም አልጠየቁም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

እታለም፣ የምጽፍልሽ ለዚህ አይደለም። የፈተናው ወረቀት አናት ላይ ልጆቹ ራሳቸው ስማቸውንና የተወለዱበትን ቀን ይጽፋሉ ብላ ሚካል ነግራናለች። ስለዚህ ከቁጥሩና ከወረቀቱ ጋር እሱንም አስጠናኋት።

«ፈታኟ ዕድሜሽን ብትጠይቅሽ?»

«ሰባት ዓመት ከዐሥር ወር።»

«ድገሚው።»

«ሰባት ዓመት ከዐሥር ወር።»

በቀን ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ እንል ነበር። ትናንት እርሳሷን አስቀመጠችና «እማ፣ እኔ የምሳሳተው የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ብቻ ነው፣ ሌላው ቀላል ነው» አለችኝ። ስትቀልድ አይደለም፣ እንደ ልጅ የመሰላትን ነው የተናገረችው። በጥፊ መታኋት። ከተወለደች ጀምሮ መትቻት አላውቅም። አላለቀሰችም። እርሳሷን አንሥታ ቀኑን ጻፈች፣ ወሩን ጻፈች፣ ያን 2017 የሚሉትን የፈረንጆቹን ዓመት ጻፈች። የጻፈችው ሁሉ ልክ ነበር፣ እኔ እንዳስተማርኋት።

ለደረሰ አልነገርሁትም። ለአንቺ ነገርሁሽ። ስለ ፋይልሽም ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም፣ ይኸው ሁለተኛ ጊዜ እጠይቅሻለሁ።

ልቅናሽ


ጎንደር፣ መጋቢት 25 ቀን 2017

ልቄ፣

ስለ ጥፊው እኔን ይቅርታ አትጠይቂ። ልጅቷን ጠይቂ፣ ጉልበትሽ ላይ አስቀምጠሽ።

ኢንተርኔቱ ለሁለት ቀን ተለቆ ሳለ መልእክትሽን አገኘሁት። ፈተናው አልቋል፣ አሁን ለሚካል ልናገር ወይ ብለሻል። አትናገሪ። ቢያንስ ሐምሌ እስኪያልፍ ዝም በይ። ምክንያቱን አልጽፍልሽም፣ እንዳትጨነቂ ነው። እኔ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በላይ ጠብቄአለሁ። አንቺን ሸኝቻለሁ፣ እናታችንን እዚሁ ቀብሬአለሁ። ለራሴ ብዬ ስለምንሽ የመጀመሪያዬ ነው፣ እያፈርሁ ነው የምለምንሽ።

ማሚቴ


ኢየሩሳሌም፣ ሰኔ 18 ቀን 2017

እታለም፣

አልታዘዝሁሽም። ስትጨርሺው የምትዪኝን ሁሉ እቀበላለሁ፣ እስከዚያው ግን አንብቢው።

ውጤቱ በግንቦት መጨረሻ መጣ። ፍሬ አለፈች። ኦሽራት በትንሽ ነጥብ ቀረች። ዜናው በተሰማ በሰዓቱ ስንታየሁ ዳቦ ይዛ ወረደች። አንገቴን ዐቅፋ «አንዷ የእኛ ልጅ ገባች፣ የእኔም እንደገባች ቁጠሪው» አለችኝ። ዳቦውን ቆርሼ መዋጥ አቃተኝ። ጥርሴን አሞኝ ነው አልኋት።

ፍሬ ደስ አላላትም። ኦሽራት ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ጀመረች፣ «እኔ ደደብ ነኝ» ትላለች አሉ። ይህን ስሰማ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ደረጃ ላይ ስንታየሁን ባገኘኋት ቁጥር «ኦሽራት እንዴት ሆነችልሽ?» እላለሁ። «ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች» እላታለሁ። በገዛ አፌ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ፍሬ ከላይ ወርዳ በሩ ላይ ቆመች። «ነገርኋት» አለችኝ።

«ምን አልሻት?»

«ዐሥር ዓመቴ ነው አልኋት። ትልቅ ስለሆንሁ ነው የበለጥሁሽ፣ አንቺ ደደብ አይደለሽም አልኋት።»

«ለምን?»

«እያለቀሰች ነበራ። ካልነገርኋት አታቆምም።»

ስንታየሁ ወዲያው መጣች። አልጮኸችም። መጮህ ትችል ነበር፣ እኔም ብትጮህ ይቀለኝ ነበር።

«እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው።»

«ልጄ ከአልጋዋ አልነሣም ስትል፣ አንቺ ደረጃ ላይ ቆመሽ እንዴት ሆነች ትዪኝ ነበር።»

«ስንታየሁ፣ እኔ…»

«ደብተሮቹን መልሺልኝ።»

አምጥቼ ሰጠኋት። ቆጥራ እንኳ አላየቻቸውም፣ ደረቷ ላይ አድርጋ ወጣች።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ለደረሰ ነግሬው ነበር፣ «የእኅትሽን ነገር አስበሽዋል?» ብቻ ነው ያለኝ። አስቤዋለሁ፣ እታለም። ምክንያቱን ባትጽፊልኝም የገመትሁት ይመስለኛል። ገምቼም ሄድሁ። ልጄ ብቻዋን እውነቱን ተሸክማ፣ እኔ እናቷ ከኋላዋ መደበቅ አልቻልሁም።

ሚካል እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «ለምን እንዲህ አደረጋችሁ?» አለችኝ። በመንገዱ ሁሉ ስዘጋጅበት የመጣሁት ዕብራይስጥ ጠፋኝ። «አፈርሁ» አልኋት።

«መቼ? ያኔ ወይስ አሁን?»

«ያኔ። አሁንም።»

አልሰደበችኝም። ውጤቱ የሚሰላው በዕድሜ እንደሆነ አስረዳችኝ፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ብዙ የሆነው ለዐሥር ዓመት ልጅ አይበቃም። የፍሬ ቦታ ተሰርዟል። ለኦሽራት እንዲሰጧት ለመንኋት። ዝርዝሩ ተዘግቷል፣ በዚህ ዓመት የሚገባ የለም አለችኝ። ይኸው፣ ለማንም አልሆነም።

አሁን ዕድሜዋን በወረቀት ለማስተካከል ካገር ቤት ማስረጃ ይፈለጋል። ስትወለድ የነበረ ሰው፣ ቅጹንም የሞላው ሰው፣ በእጁ ጽፎ መፈረም አለበት። ሁለቱም አንቺ ነሽ። አድርጊልኝ ማለት አፍራለሁ፤ ተዪው ማለትም አልችልም።

ልቅናሽ


ጎንደር፣ ሐምሌ 30 ቀን 2017

ልቄ፣

ቀድሜ ያልጻፍሁት ተናድጄ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ስምሽን ሲያነሡብኝ ከቤት እወጣ ነበር። አሁን አልፎልኛል፣ ግማሹ።

የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ከብዙ ዘመን በኋላ ለሐምሌ 8 የእስራኤል ጉዞ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ተሰጥቶኝ ነበር። ደብዳቤሽ ከቀጠሮው አምስት ቀን በፊት ደረሰኝ። አምስቱንም ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። ልቅናሽ እዚያ ብትናገርም ከዚህ ቶሎ አይደርስም፣ እኔ ዝም ብዬ አልፋለሁ አልሁ። ነጭ ነጠላዬን ለብሼ ሄድሁ።

ወጣት ሰውዬ ነው የጠየቀኝ፣ ትሑት ነው። ስለ አባታችን፣ ስለ አያታችን ጠየቀኝ። ከዚያ ስለ አንቺ። «የእኅትሽ ልጅ መቼ ተወለደች?» አለኝ። አፌ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። አላለም።

«በሁለት ሺህ ሰባት፣ በሚያዝያ» አልሁት።

ወረቀቱን ገለጠ። «እዚህ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ይላል።»

«የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

ለምን እንደሆነ እንዳስረዳው ጠየቀኝ። ሞከርሁ። ልቄ፣ ያ ምክንያት ከአፌ ሲወጣ እንዴት ያለ ትንሽ ነገር እንደሆነ! ሰውዬው እስክሪብቶውን ይዞ የሚቀጥለውን ይጠብቃል፣ የሚቀጥል ግን የለም። ልጅቷ ፊደል ስለማታውቅ አፈርን፣ በቃ። ያፈርነው ደግሞ ዳግመኛ በማናያት ሴትዮ ፊት ነው።

«እንጠራሻለን» አለኝ። አብረውኝ ለገቡት የጉዞ ቀን ተቆርጦላቸዋል፣ ለእኔ አልተቆረጠም።

የጠየቅሽኝ ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። ስትወለድ እንደነበርሁ፣ ቅጹንም በእጄ እንደሞላሁ ጽፌ ፈርሜአለሁ። ሁለት ምስክሮችም ፈርመዋል፤ አንዱ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ነው። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና ፊቴን ሳያይ ፈረመልኝ። በመስከረም ከበር የመለስኋትን እናት ፈልጌ አጣኋት፣ ሰፈር ቀይራለች አሉ።

አጠፋሁብሽ ብለሽ አትጻፊልኝ። ስለ ልጅቷ ጻፊልኝ።

ማሚቴ


ኢየሩሳሌም፣ ኅዳር 3 ቀን 2018

እታለም ማሚቴ፣

አትጻፊልኝ ያልሽውን አልጻፍሁም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ፣ ለዚህ ነው የዘገየሁት። ጠሩሽ ወይ? እዚህ የሚመለከተው ቢሮ ሁለት ጊዜ ሄጄ ስምሽን ሰጠሁ። «ፋይሉ እየታየ ነው» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንትም እሄዳለሁ። ሌሊት ፈረቃ ያለው ደረሰ እንኳ እንቅልፉን ትቶ አብሮኝ እሄዳለሁ ብሏል።

ወረቀትሽ በመስከረም ገብቷል። ፍሬ አሁን በመታወቂያችንም ዐሥር ዓመቷ ነው። ሦስተኛን አዝልለው አራተኛ ክፍል አስገቧት። አቶ ሣህሌ ስነግራቸው «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሸክም ወረደልሽ» ብለውኛል። ማክሰኞና ኀሙስ አሁንም ይጠብቋታል። ዘንድሮ የምር ትፈልጋቸዋለች፤ የዘለለችው ዓመት ትምህርት ሁሉ አንድ ላይ መጥቶባታል፣ ክፍልፋይ የሚሉት ነገር ጭራሽ አልገባትም።

ስንታየሁ እስካሁን ሰላምታዬን በአፏ አልመለሰችልኝም። አንገቷን ትነቀንቃለች። ልጆቹ ግን ሄደው ሄደው አንድ ናቸው፣ ኦሽራት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ከእኛ ቤት ጥላ ነው ወደ ላይ የምትወጣው። ባለፈው ዓርብ ቦርሳውን ላደርስ ወጣሁ። ስንታየሁ ተቀበለችኝና ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ልግባ አልግባ ቆሜ አመነታሁ። አልገባሁም። ገና ነው።

ትናንት ፍሬ የሒሳብ ፈተናዋን ይዛ መጣች። ስልሳ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «እማ፣ ከክፍሉ መሐል ላይ ነኝ፣ ከእኔ በታች ዘጠኝ ልጆች አሉ፣ ከእኔ በላይ ደግሞ ብዙ» አለችኝ። ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታዪ! «ስልሳ ለምን?» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፣ እታለም። ከፍቼ ዘጋሁት። የእኔ ነገር አያልቅም።

«በርቺ» አልኋት።

ማጣበቂያ ፈልጋ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ራሷ ለጠፈችው፣ ስሟና የተወለደችበት ቀን ከላይ፣ ስልሳው በቀይ ከሥር። ዛሬ ጠዋት ወተት ላወጣ ስከፍት ከፊቴ ነበር። አላነሣሁትም።

ታናሽሽ ልቅናሽ